የመኪናውን ጎን ከመሸጣችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤቴ መጣ። ዱቄት በሚያከፋፍል ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሯል። አለቃው «መኪኖቻችን ላይ ማስታወቂያ ሽጥ» ብሎታል። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ካሬውን ስንት ልበል?» አለኝ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የከሰርኩበትም አለ።

እኔም ስጀምር የማውቀው ካሬ ብቻ ነበር። ቃሊቲ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የአይሱዙው ጎን 5 ሜትር በ2 ሜትር፣ 10 ካሬ። በሁለት ጎን 20። በዋጋ አባዛሁትና ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ገርጂ የቤት ዕቃ ሱቅ ያላቸው እናት ነበሩ። «ስምዎ አዲስ አበባን ሙሉ ይዞራል» አልኳቸው። የስድስት ወር ከፈሉ።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳይደውሉ ግቢያችን ከች አሉ። ክረምት ነው። መኪኖቹ ተደርድረዋል። አንደኛው ጎማው ተፈትቶ በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ጭቃው እስከ ሳጥኑ ወገብ ደርሷል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተጠጉ፤ በአውራ ጣታቸው ጭቃውን ፈቀፈቁት። ስልክ ቁጥራቸው ከሥር ብቅ አለ። «ልጄ፣ ስሜን ለጥበቃውና ለውሻው ነው የምታሳየው?» አሉኝ። ምን እላለሁ? የቀረውን ገንዘብ መለስንላቸው። አለቃዬ ሳምንት ሙሉ ፊት ነሳኝ።

ጭቃው ይታጠባል። ጥፋቴ «አዲስ አበባን ሙሉ» ያልኩት ነው። የጭነት መኪና በቀን መሀል ከተማ እንደልቡ አይገባም። የእኛዎቹ የሚውሉት አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ነበር። ገርጂን በወር አንዴ ቢያዩ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የሸጥኩት።

ስለዚህ ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ ዋሉ። መኪናው የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቆም ጻፉ። ዱቄት ሲያወርድ ሱቅ ደጃፍ ስንት ደቂቃ ይቆማል? ሹፌሩ ምሳ የት ይበላል? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፊት ለፊቱ በዚያው ፍጥነት የሚመጣ ሰው ጎኑን የሚያየው ለዓይን ጥቅሻ ነው። የቆመ መኪና ግን ቢልቦርድ ነው። የኋላ በርም እንደዚያው። ቃሊቲ መንገድ ላይ ሰልፍ ሲይዝ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ያነበዋል። እኔ ብሆን በሩን ከጎኑ አስወድደዋለሁ።

ይሄ ሲገባኝ ደንበኛ የምፈልግበት ቦታም ተለወጠ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የብረት በር፣ መጋረጃ ነው። መኪናችን በየሳምንቱ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ሴራሚክ ነጋዴውን «አዲስ አበባን ሙሉ» አላልኩትም። «ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣ እነዚህ ሦስት ብሎኮች ፊት ለፊት» አልኩት። የዓመት ፈረመ።

ጽሑፉን አሳጥሩ። ደንበኛው ከአልጋ እስከ ኮመዲኖ ያለውን ሁሉ መዘርዘር ይፈልጋል፤ እንቢ በሉ። ስም፣ የሚሸጠው ዕቃ፣ ስልክ፣ በቃ። ቀይ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይገረጣል፤ ይሄን ሳትነግሩት ቀርታችሁ ቢገረጣ የሚወቀሰው ስቲከር ለጣፊው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ታርጋና አንጸባራቂ እንዳይሸፈን ተጠንቀቁ። ዋጋ ስትናገሩ 15 በመቶ ቫት ይኑርበት አይኑርበት አብራችሁ ተናገሩ፤ እዚያ ላይ የተጣላ ብዙ ነው። ውሉ ላይ መኪናው ከአሥር ቀን በላይ ጋራዥ ቢቆይ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቢራን ከቢልቦርድ ካወረደ ወዲህ የአልኮል ነጋዴ ሌላ ቦታ ሲፈልግ አያለሁ። ገንዘቡ አያማልላችሁ፤ የሕግ ሰው ሳትጠይቁ አትዋዋሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሹፌሩንና ረዳቱን ያዙ። የሹፌሩን የራሱን ስቲከር አይታችሁ ታውቃላችሁ? መስታወቱ ጥግ ላይ የለጠፈው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሁሌም ያበራል። በየጠዋቱ በጨርቅ ያብሰዋል። የደንበኛችንን ስም ለምን ያብሰው? ምን አግኝቶ? እኔ ከእያንዳንዱ ውል ላይ የማጠቢያ ትንሽ ብር በስማቸው አስቆረጥኩ። በየወሩም ረዳቱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ ፎቶውን ለደንበኛው አስተላልፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ድረስ መጥቶ ጭቃ የፈቀፈቀ ደንበኛ የለም።

ልጁ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «እሺ ጋሼ፣ ግን ካሬው ስንት?» አለኝ። ሳቅኩ። ነገ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረቀት ይዘህ ቁም፤ የድርጅትህ መኪኖች ሲያልፉ ሰዓቱንና ከኋላቸው ምን እንደተሰለፈ ጻፍ አልኩት። ፊቱ ብዙም አልፈካም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ አራቱ አልፈዋል» አለ። ትንሽ ዝም አለና፣ «የአንዱም የኋላ በር አልታጠበም።»