ስሙ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ናሙናው

ውድ ልጆቼ፣

ዕፅዋትን መለየትና መመዝገብ ለጀመራችሁ፣ በተለይም ልባችሁ ወደ ፈርን ላዘነበለ ይህን እጽፋለሁ። ፈርን አበባም ፍሬም የለውም። የሚራባው እንደ ትቢያ በደቀቀ ስፖር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው "ያው ቅጠል ነው" ብሎ ያልፈዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ዓለም አቀፍ ምደባ ከ10,500 በላይ የፈርን ዝርያዎችን ቆጥሯል፤ አብዛኞቹም የሞቃታማው ክፍለ ዓለም ተክሎች ናቸው። በእኛ አገር በካፋና በሸካ፣ ወይም በባሌ ደቡባዊ ቁልቁለት በሐረና ደን ውስጥ አንዲት እርጥብ ሸለቆ ብቻ ለሳምንት ሥራ ትበቃለች።

ጀማሪ ደን ሲገባ ቀድሞ የሚጠይቀው "ይህ ምን ይባላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ስም ይለወጣል። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን በጅረት ዳር የሚቆመው ዛፍ መሳይ ፈርን ለብዙ ዘመን ሲያቲያ ማኒያና ሲባል ኖሮ አሁን አልሶፊላ ማኒያና እየተባለ ነው። የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው ኬይላንተስ ፋሪኖሳም ወደ አሌዩሪቶፕቴሪስ ተዛውሯል። ተክሎቹ እዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። ናሙናና አብሮት የተጻፈው ማስታወሻ ግን አንዴ ከተበላሹ ምንም አይመልሳቸውም። ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕፅዋት እስከ ዛሬ የሚመረመሩት ናሙናዎቹ ስለተረፉ ነው።

እንግዲህ ከአሰባሰቡ እንጀምር። ትልቁ ስህተት አንድ ያማረ ቅጠል ቀንጥሶ መሄድ ነው። የፈርን ግንድ፣ ራይዞም የምንለው፣ ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ወይም በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚሳብ ነው፤ የመለያው ግማሽ ያለውም እዚያ ነው። ይሳባል ወይስ ቀጥ ብሎ ይቆማል? ውፍረቱ ስንት ነው? የለበሳቸው ጥቃቅን ቅርፊቶች ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው ወይስ መሐላቸው ጠቁሮ ዳራቸው የነጣ? በመሠረታቸው ነው የተያያዙት ወይስ እንደ ጋሻ በመሐላቸው? ይህን ለመመለስ ራይዞሙን በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ አፈሩን በውኃ እንጂ በብሩሽ አታጽዱት። ብሩሽ ቅርፊቱን ይገፍፈዋል፤ ቅርፊቱ ከሄደ ጥያቄው ሁሉ መልስ ያጣል።

ቀጥሎ የቅጠሉ አገዳ መሠረት ነው። በምላጭ አግድም ቁረጡና በእጅ ማጉያ መነጽር ተመልከቱት፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው ይበቃል። ድራዮፕቴሪስና ክሪስቴላ የሚባሉትን የፈርን ወገኖች ብዙ ጀማሪ ያምታታቸዋል፤ የሁለቱም ስፖር መያዣ ሽፋን ኩላሊት መሰል ነውና። በአገዳው መሠረት ግን ክሪስቴላ ውኃና ምግብ የሚያመላልሱ ሁለት የሥር ጥቅሎች ብቻ አሉት፤ ድራዮፕቴሪስ በክብ የተደረደሩ አምስትና ከዚያ በላይ አሉት። ክሪስቴላ ከዚህም ሌላ መርፌ የመሰለ ነጭ ጸጉር አለው። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሜዳ ላይ ካልሠራችሁት ግን በደረቀ ናሙና ላይ ግማሽ ቀን ያስለፋችኋል።

ስፖር ያለው ቅጠል ሳይኖር አትመለሱ። ቅጠሉን ገልብጡና ስፖር መያዣዎቹን፣ ሶረስ የሚባሉትን፣ ፈልጉ። በአስፕሊኒየም በጅማት አጠገብ እንደ ሰረዝ ይጋደማሉ። በፕቴሪስ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይዘረጋሉ፤ ጠርዙ ራሱ ታጥፎ ይሸፍናቸዋል። በአዲያንተም ደግሞ በታጠፈችው ጠርዝ ላይ ራሷ ናቸው። ሶረሱ አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፤ ፈክቶ ከሣሣ ደግሞ ስፖሩ በኗል። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያልፈነዳው ነው የሚፈለገው። ስፖር የሚያወጣውና የማያወጣው ቅጠል የሚለያዩበት ዝርያ ካጋጠማችሁ ሁለቱንም ያዙ። ለምሳሌ ዛፍ ላይ የሚበቅለው ድራይናሪያ ቮልኬንሲ ደርቆ የሚቀር ቡናማ ጎጆ መሳይ ቅጠልና ረጅም አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ጎጆውን "የሞተ ቅጠል" ብሎ የጣለ ሰው ግማሹን ተክል ጥሏል። ባለ አራት ቅጠል ማገጥ የሚመስለው የረግረግ ፈርን ማርሲሊያም ውኃው ሲሸሽ ከሥሩ አጠገብ የሚያፈራው ጠንካራ ፍሬ መሳይ ከሌለው ዝርያውን መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ትልቁን ፈርን ሙሉውን ለመጫን፣ ማለትም በወረቀት መሐል ጠፍጥፎ ለማድረቅ፣ አትድከሙ፤ ለዛፍ ፈርንም ሲባል ግንድ አይቆረጥም። ከአንድ ቅጠል የአገዳውን መሠረት ከነቅርፊቱ፣ ከመሐል አንድ ጥንድ ክንፍ (ከአገዳው ግራና ቀኝ የሚወጣውን የቅጠል ክፍል)፣ ከዚያም ጫፉን ውሰዱ። የግንዱን ቁመት፣ የቅጠሉን ሙሉ ርዝመት፣ በአንድ ወገን ያሉትን ክንፎች ብዛት ለክታችሁ ጻፉ። ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ቁጥር ይይዛሉ፤ "ከ3ቱ 1ኛ" እያላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ይህ ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው የሦስት ተክል ናሙና አድርጎ ያነባቸዋል።

መጫኛው 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ የሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ወረቀት 29 በ42 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚያ የሚወጣ ቅጠል በ"ቪ" ወይም በ"ኤን" ቅርጽ ይታጠፋል። አንድ ሁለት ክንፍ ገልብጡ፤ ጀርባና ፊት በአንድ ናሙና መታየት አለባቸው። በጋዜጣ፣ በመምጠጫ ወረቀት፣ በካርቶን ደርድራችሁ አጥብቁት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በየዕለቱ ወረቀት ለውጡ፤ ተክሉ ሲሟሽሽ ማሰሪያው ይላላልና እሱንም ማጥበቅ አትርሱ። ሙቀት ካላችሁ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ቅጠሉ ይጠበሳል፣ ይሰባበራል። ከዚያ በታች ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ እርጥበት ሻጋታው ይቀድማችኋል። ቅጠላቸው በአንድ ሴል ውፍረት የሆነው የሃይመኖፊለም ወገኖች ከተነቀሉ ደቂቃዎች ሳያልፉ ይጠቀለላሉ፤ እነሱን እዚያው ዛፉ ሥር ጫኗቸው።

ማድረቂያ በሌለበት ቦታ ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት መክተትና 70 በመቶ ገደማ አልኮል አፍስሶ ማሸግ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለሳምንታት ያቆያል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቀለም ይጠፋል፣ ዲኤንኤው ይጎዳል፤ በአሌዩሪቶፕቴሪስ ላይ ደግሞ መለያው የሆነው ነጭ ዱቄት በአልኮል ይሟሟል። ስለዚህ አልኮል ከማፍሰሳችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ተክል የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ለጋ ቅጠል በክብደቱ አሥር እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል፣ እርጥበት መጣጭ ጠጠር፣ ውስጥ ለዲኤንኤ አስቀምጡ። ቁጥሩን በእርሳስ ጽፋችሁ ከውስጥ ጨምሩት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይሄዳል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደማሳስባችሁ ነገር ደረስኩ፤ ማስታወሻው። ናሙና ሲደርቅ የሚያጣውን ሁሉ ያኔውኑ ጻፉ፦ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ቆሞ ወይስ ተንጠልጥሎ እንደነበረ፣ በዐለት ላይ፣ በአፈር ላይ ወይስ በዛፍ ላይ። በዛፍ ላይ ከሆነ በየትኛው ዛፍ? ከመሬት ስንት ሜትር ላይ? ጥላው ምን ያህል ነበር? የቦታ መጠቆሚያው (ጂፒኤስ) በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይሳሳታል፤ የስህተቱ መጠን ከ10 ሜትር በታች እስኪወርድ ታገሡ። ከፍታውን ለብቻው መዝግቡ፤ በተራሮቻችን ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲወጡ የፈርኑ ዓይነት ይለወጣልና። የወረዳ ስምና ወሰን ስለሚቀያየር የወንዝ፣ የተራራ ወይም የአንድ የታወቀ ከተማ ርቀትና አቅጣጫ ጨምሩበት።

ቀኑ በተለይ የእኛ ፈተና ነው። "12/3/2016" ብላችሁ ብትጽፉ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ለማለት ይሆናል፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነው። የውጭ አገር ተመራማሪ ግን ማርች 12 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፤ አሜሪካዊ ከሆነ ዲሴምበር 3። የሰባት ዓመት ስህተት በአንድ መስመር ተፈጠረ ማለት ነው። ወሩን በፊደል ጻፉ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ። የመሰብሰቢያ ቁጥራችሁ ደግሞ ከ1 ተነሥቶ ዕድሜ ልካችሁን ይቀጥላል እንጂ በየዓመቱ እንደገና አይጀመርም።

የአካባቢውን ስም ጠይቁ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ጻፉ። በካፊ ኖኖ የተነገረን ስም አማርኛ አስመስሎ መጻፍ ስሙን ያጠፋዋል፤ የነገሯችሁ ሰው እንዲደግሙላችሁ ለምኑና ድምፃቸውን ፈቅደው ከሆነ ቅዱ። ስለ መድኃኒትነቱ የሚነግሯችሁ ነገር የማኅበረሰቡ ሀብት ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንም የማኅበረሰብ ዕውቀትንም የሚመለከት ስለሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አጣሩ። የዛፍ ፈርን የሆኑት የሲያቲያ ወገኖች፣ አልሶፊላ የተባሉትም ጨምሮ፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ቁራጫቸውም ያለ ወረቀት ድንበር አይሻገርም።

ስንት ይሰብሰብ? ከ20 ተክል ከአንድ በላይ አትንቀሉ። ከ20 በታች ካሉ አንድ ስፖር ያለው ቅጠል፣ ከራይዞሙ ጥቂት ቅርፊትና ጥሩ ፎቶ ይበቃል። ብዛቱ ከፈቀደ ግን ከሦስት እስከ አምስት ቅጂ፣ ማለትም ተመሳሳይ ናሙና፣ አዘጋጁ፤ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀመጥ፣ ሌላው ለዚያ የፈርን ቡድን ባለሙያ ይሂድ። የበርሊን ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1943 በጦርነቱ ሲቃጠል ብዙ ስሞች የቆሙባቸው ናሙናዎች አብረው ነደዱ። ቅጂያቸው ቀድሞ ወደ ሌላ ከተማ የተላከላቸው ስሞች ምትክ አግኝተዋል።

ከሜዳ ስትመለሱ ናሙናውን በላስቲክ አሽጋችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለአንድ ሳምንት አቀዝቅዙት፤ ነቀዙ ከነዕንቁላሉ እንዲሞት። ሲወጣም የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ከረጢቱን አትክፈቱ፤ ጤዛው ያርሰዋል።

ከዚህ በኋላ ስሙን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ (የአገር ዕፅዋት መግለጫ መጽሐፍ) ቅጽ 1 ፈርኖቻችንን ይዟልና መነሻችሁ እሱ ይሁን። መለያ ቁልፉ፣ በጥያቄ እየመራ ወደ ስሙ የሚያደርሰው ዝርዝር፣ በሁለት መንገድ መሐል ካቆማችሁ ሁለቱንም ተከተሉ፤ መጨረሻ ላይ የምትደርሱበት መግለጫ ከእጃችሁ ካለው ጋር የሚገጥመው አንዱ ነው። ቁልፉ ጨርሶ እንቢ ካለ ቅጠላችሁ ለጋ ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ተክል ቅጠል ከጎልማሳው ያነሰ የተከፋፈለ ነው።

አስፕሊኒየም ኤቲዮፒኩም የሚባለው ቡድን ትዕግሥታችሁን ይፈትናል። በአንድ ስም ሥር የክሮሞዞም ብዛታቸው በእጥፍ እየተለያየ የሄደ ተክሎች ተሰብስበዋል። እዚህ ላይ ስፖር መቁጠር ይረዳል። አንድ ያልፈነዳ የስፖር ከረጢት በማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ ክፈቱ፤ በተለመደው መንገድ የሚራባ ፈርን አብዛኛውን ጊዜ 64 ስፖር ይይዛል፣ ያለ ጽንሰት የሚራባው 32። ስፖሩ የተጨማደደና መጠኑ የተዘበራረቀ ከሆነ ዲቃላ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቢያንስ 30 ስፖር ለኩ፤ የክሮሞዞሙ እጥፍ ሲጨምር ስፖሩም መተለቅ ይቀናዋል። ስሙም አያታላችሁ፤ በድሮ ላቲን "ኤቲዮፒኩም" አፍሪካን በሰፊው ያመለክት ስለነበር ይህ ፈርን መጀመሪያ የተገለጸው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የእኛን አገር የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ "አቢሲኒካ" ነው፤ ኮሶ ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ ኑግም ጊዞቲያ አቢሲኒካ እንደሚባሉት።

"አዲስ ዝርያ አገኘሁ" የሚለው ስሜት ሲመጣባችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ቀስ በሉ። ስፖር በነፋስ ውቅያኖስ ይሻገራል። ለእኛ አዲስ የሆነው በካሜሩን ወይም በማዳጋስካር ከመቶ ዓመት በፊት ስም ወጥቶለት ሊሆን ይችላል። የጎረቤት አገሮችን ፍሎራ፣ ከዚያም የተቀራራቢ ዝርያዎችን ዓይነተኛ ናሙና፣ ስማቸው የቆመበትን፣ እስከ መጨረሻው አገላብጡ። ልዩነቱ በአንድ ተክል ላይ ብቻ ከታየ አታትሙት፤ ተመልሳችሁ ሌላ ፈልጉ። እውነት አዲስ ከሆነ ስሙ የሚጸድቀው መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ዓይነተኛው ናሙናና የሚገኝበት ሄርባሪየም ተለይተው ሲጠቀሱ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ መግለጫ በሕጉ አይበቃም።

እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ናሙና ላይ "አስፕሊኒየም፣ ዝርያው ያልታወቀ" ብላችሁ ጻፉና በቦታው አስቀምጡት። ስም ስትሰጡ የራሳችሁን ስምና ዓመቱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከናሙናው ጎን ለጥፉ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የጻፈው ስህተት ቢመስላችሁም አትላጡት፤ የእናንተን ወረቀት ከሱ በላይ ለጥፉት፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚሆን ባዶ ቦታም ተዉ።