ዲፈረንሻል ከመግዛትህ በፊት የፊት ጎማህን እይ

ወንድሜ፣ ከእነዋሪ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም የሚነዳ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለህ፤ በክረምት ማዳበሪያ፣ በበጋ ጤፍና ስንዴ ትጭናለህ። ባለፈው ነሐሴ በጅሩ ጥቁር አፈር ሦስት ጊዜ ተቀርቅረህ በትራክተር ተጎትተህ ወጣህ። አሁን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «ሊሚትድ ስሊፕ» ያለው፣ ማለትም አንዱ ጎማ ሲያዳልጥ ጉልበቱን ወደ ሌላው የሚያሻግር ያገለገለ የኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) አግኝቶልሃል፤ «ልግዛው ወይ?» ነው ጥያቄህ።

አሁን አትግዛ። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ያንተን ችግር ግን የሚፈታ አልመሰለኝም። ይህን ያልኩት በደብዳቤህ መሃል እንደ ቀላል ነገር ጣል ባደረግካት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኤች ፎር (የአራት ጎማ መንጃውን) አስገብቼ ነዳጅ ስሰጥ የኋላ ግራ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል፤ ሌላው ሁሉ ዝም ነው።»

ይህ ሊሆን አይገባም። በሃይሉክስ ላይ ኤች ፎር ስታስገባ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሣጥን) የፊቱንና የኋላውን ዘንግ አንድ ላይ ያስራቸዋል። የኋላው ዘንግ ዞሮ አንድ የኋላ ጎማ ካሽከረከረ የፊቱም ዘንግ በዚያው ፍጥነት መዞር ግዴታው ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ የፊት ዘንግ ከዞረ ደግሞ ከፊት ቢያንስ አንዱ ጎማ በባዶው መሽከርከር አለበት። ያንተ ዝም ካለ ኃይሉ ከትራንስፈሩ እስከ ጎማው ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ማለትም ሦስቱንም ጊዜ የተቀረቀርከው በባለ አንድ ዲፈረንሻል መኪና ነው።

ፈትሸው፤ ብዙ ሥራ የለውም። ደልዳላ ቦታ ላይ ኤች ፎር አስገብተህ ጥቂት ሜትር ንዳና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፎር ዊል መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን መተዉን እይ። ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ችግሩን ራሱ ነገረህ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ አንደኛ ማርሽ ላይ ተወው፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሳና በእጅህ አዙረው። ትንሽ ተነቃንቆ መቆም አለበት። እንደ ልቡ ከዞረልህ ፊቱ አልያዘም።

ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል መቆለፊያ ካለው መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ልክ እንዳንተ «ፎር ዊሉ ደክሟል» ተብሎ የመጣ አንድ ፒክአፕ ነበረኝ። መቆለፊያው ከውጭ «ሎክ» ላይ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ግራሶው ከውሃና ከአፈር ጋር ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ ቡናማ ጭቃ ሆኗል፤ የሚንሸራተተው ባለ ጥርስ ቀለበት ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በናፍጣ አጠብነው፣ በጨርቅ አደረቅነው፣ አዲስ ግራሶ ስስ አድርገን ቀባነውና ገጠምነው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብንም። ባለቤቱ ሁለት ክረምት ሙሉ በአንድ ዲፈረንሻል ሲንገላታ ከርሟል። በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ከሌለህ ፊቱን የሚያገናኘው ዲፈረንሻሉ አጠገብ ያለው መሣሪያ ነው፤ የቫኪዩም ቱቦው መሰንጠቁን ወይም ሽቦው መበጠሱን አሳይ።

ፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ሊሚትድ ስሊፕ ምን ይጨምርልሃል? ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። አንዱ አዳልጦት 100 ኒውተን ሜትር ብቻ ከቻለ፣ ደረቅ መሬት የረገጠውም የሚያገኘው 100 ብቻ ነው። ሊሚትድ ስሊፕ ለረገጠው ጎማ ሁለት ሦስት እጥፍ ሊያሻግርለት ይችላል። በጠጠርና በድንጋያማ መንገድ ይህ በደንብ ይታወቃል። የጅሩ አፈር ግን ሌላ ነው። ጎማህ ሁለት ዙር ሳይዞር ጭቃው ጥርሱን ሞልቶት እንደ ኳስ ልሙጥ ይሆናል፤ ያኔ የኋላ ሁለቱም እኩል ያዳልጣሉ። ሁለቱም ካዳለጡ ሊሚትድ ስሊፕ ጉልበቱን ለየትኛው ያሻግር? ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ በጥርስ ብቻ የሚሠራው የሊሚትድ ስሊፕ ዓይነት ምንም አያደርግልህም፤ ዜሮ በሦስት ቢባዛ ያው ዜሮ ነው። የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ስትይዝለት ብቻ ነው የሚነቃው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው በኩል መንገዱ ወደ ጎን ያጋደለ ነው። በተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው እንደ መልህቅ ጅራቱን ይይዝልሃል። በሊሚትድ ስሊፕ ሁለቱም አብረው ከዞሩ ግን ጅራቱ ወደ ቦዩ ይሄዳል፤ ከላይ ጭነት ካለ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ብሩን በጥልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ ላይ አውለው፤ ለኋላ ጎማዎች ሰንሰለትም ያዝ። ከዚያ የተረፈህ ካለ ስትፈልግ ብቻ የምትቆልፈውን ዲፍ ሎክ ብታስገጥም እመርጣለሁ፤ ከጭቃው ስትወጣ ትፈታዋለህ።

አይ፣ ገዝቼዋለሁ ካልክ ግን ከመገጠሙ በፊት ጥርሱን ቁጠር። ኮሮናው (ትልቁ ጥርስ) 41፣ ፒኞኑ (ትንሹ ጥርስ) 10 ከሆነ ሬሾው 4.1 ነው፤ 43 በ11 ከሆነ 3.909 ነው። ካሁኑ ዲፈረንሻልህ ጋር አንድ ካልሆነ አትግጠመው። ፊቱና ኋላው የ5 በመቶ ያህል ልዩነት ይዘው በኤች ፎር ሲታሰሩ እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ መጨረሻው ትራንስፈር መስበር ነው። በፍሪሲዮን (እርስ በርስ በሚፋተጉ ሳህኖች) የሚሠራ ከሆነ ለሊሚትድ ስሊፕ የተዘጋጀ ጂኤል-5 የተባለውን ደረጃ የዲፈረንሻል ዘይት ይፈልጋል፤ በተራ ዘይት ጠባብ ኩርባ ላይ ይንቀጠቀጣል። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸውም አበላላቸውም እኩል ይሁን፤ አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ሲፋተግ ይውላል።

እና ከተገጠመ በኋላ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ማንም ሰው ሞተር አስነሥቶ ማርሽ እንዳያስገባ። መሬት ላይ ያለው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ነድቶ ይጥለዋል። ለረዳትህም ለጎሚስታውም ቀድመህ ንገራቸው።