ፊልሙ ስላስቀራቸው ሁለት ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በዓለም ከተማ የምትኖሩ ወጣቶች የፍቅር ፊልም በስልካችሁ እንደምታዩ አውቃለሁ፤ በዚህም አልነቅፋችሁም። የምለምናችሁ ግን ፊልሙ ከልቦለድ የተወሰደ ከሆነ ልቦለዱንም ፈልጋችሁ እንድታነቡና ፊልሙ ምን እንዳስቀረ እንድትመረምሩ ነው። ዕድሜዬን በሰሜን ሸዋ በዳኝነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ከመረመርኳቸው መዛግብት ብዙዎቹ የባልና የሚስት ጉዳይ ስለ ነበሩ፣ በፍቅር ታሪክ ውስጥ የሚቀረው ነገር ከሚነገረው ይልቅ ያሳስበኛል።

ለምሳሌ ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሆነውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ውሰዱ። ማርጋሬት ሚቼል ልቦለዱን እ.ኤ.አ. በ1936 አሳትማ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘችበት፤ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ፊልም ደግሞ በ1939 ወጣ። እኛ መጽሐፉን «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ያነበብነው፣ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ስለ ተረጐመው ነው። እንዲህ ተደክሞበት የተገኘን መጽሐፍ «ፊልሙን አይቼዋለሁ» ብሎ መተው በእኔ ዘንድ ትልቅ ጉዳት ነው።

በልቦለዱ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ከሦስት ባሎች ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ ዌድን ከቻርልስ፣ ኤላን ከፍራንክ፣ ቦኒን ከሬት። በፊልሙ ያለችው ቦኒ ብቻ ናት። ትልቅ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲለወጥ የሚቀነስ ነገር መኖሩ ግድ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ ልጆች ሲቀሩ ሴትዮዋ ራሷ ሌላ ሰው ሆናለች። ተመልካቹ የሚያያት በምታፈቅረው በአሽሊና በሦስተኛ ባሏ በሬት መካከል ልቧ የተከፈለባትን ቆንጆ ነው፤ አንባቢው ግን አትላንታ በጦርነት ስትነድ ትንሽ ልጇን በጋሪ ይዛ የምትሸሸውን፣ ያም ልጅ እናቱን እየፈራ የሚያድግባትን ሴት ያገኛል። ፍቺ ወደ ችሎት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የልጆች ደኅንነት ሆኖ ሳለ፣ ባልና ሚስቱ ስለ ቤትና ስለ በሬ ሲከራከሩ ውለው ልጆቹን በመጨረሻ የሚያነሡባቸው ጊዜያት ነበሩ። ዌድን ሳነብ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ልጆች ናቸው።

ስካርሌትን ለመኰነን ግን አትቸኩሉ። ታሪኩ ሲጀምር ዕድሜዋ 16 ነው፤ ዛሬ በእኛ ሕግ ለጋብቻ የሚጠየቀውን 18 ዓመት እንኳ አልሞላችም፤ ቻርልስንም ያገባችው አሽሊ ሌላ ሊያገባ በመሆኑ በእልክ ነበር። ፍራንክን፣ ያውም የእኅቷን እጮኛ፣ በውሸት አታልላ የወሰደችው ለርስቷ ለታራ የተጣለውን የ300 ዶላር ግብር ለመክፈል ነው። ድርጊቷ በደል ነው፤ ከበስተጀርባው ያለውን ረሃብ ግን የ1977ቱን ድርቅ ያዩ የመንዝና የይፋት ሽማግሌዎች ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋልና ጠይቋቸው።

መጽሐፉን አንብቡ ስላልኩ ሁሉን አምናችሁ ተቀበሉት ማለቴ አይደለም። ልቦለዱም ሆነ ፊልሙ የባርነትን ዘመን እንደ ደግ ዘመን አሳምረው ያቀርባሉ፤ እንዲያውም መጽሐፉ ጥቁሮችን ያስፈራራና ይገድል የነበረውን የነጮች ማኅበር፣ ኩ ክለክስ ክላንን፣ በግልጽ ሲደግፍ፣ ፊልሙ ስሙን ሸሽጎ ፍራንክ ከማኅበሩ ጋር የወጣበትን ምሽት ወደ ፖለቲካ ስብሰባ እንደ ሄደ አድርጎ ያልፈዋል። የሞግዚቷን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር በመሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ብትሆንም፣ በሽልማቱ ምሽት የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ በተለየ ጠረጴዛ ነበር፤ በአትላንታው ምረቃ ላይም አልተገኘችም፣ በከተማይቱ የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት።

ከእናንተ መካከል ለመጋባት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ፊልሙን አብራችሁ እዩ፣ መጽሐፉንም ተራ በተራ አንብቡ። ከዚያም ስካርሌት ግብሩን ለመክፈል ሌላ ምን ማድረግ ትችል እንደ ነበር፣ ሬትም ከእሱ ላልተወለዱት ለዌድና ለኤላ ምን ዕዳ እንዳለበት ተጠያየቁ። መልሳችሁ የተራራቀ ከሆነ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በደንብ ተነጋገሩበት።