ለትዳር የሚሻለኝ አዲስ አበባ ነው ወይስ ደብረ ብርሃን?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ወንድ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፤ አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ስኖር 9 ዓመት ሆኖኛል፤ አያት ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቼ እኖራለሁ። የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ 3 ዓመት አብራኝ ከቆየች በኋላ ሽማግሌ እንድልክ ጠየቀችኝ። ቤት ሳይኖረኝ እንዴት ብዬ ነገሩን ሳራዝመው ‹ኪራይ ቤትም ቢሆን እንግባ› ብላኝ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሌላ አገባች። ሁለተኛዋን በቴሌግራም ተዋወቅኋት፤ 4 ወር ያህል ከተገናኘን በኋላ ስልኬን ማንሳት አቆመች። የአዲስ አበባ ሴት የምታየው ቤትና መኪና ነው ብዬ ተስፋ ቆርጫለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ደመወዙ ግን አሁን ከማገኘው በሲሶ ያንሳል። እናቴ ደግሞ እዚያው የምታስተምር፣ ቤተሰቧን የምናውቃት ልጅ አይታልኛለች፤ ‹ይኼ ጥር እንዳያልፍ፣ ልጅህን ሳላይ እንዳልሞት› ትለኛለች። ለትዳር የትኛው ከተማ ይሻለኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ስለሆነ፣ ሊመጡባት ያሰቧትን ከተማ በቅርብ አውቃታለሁ፤ ከአዲስ አበባ ተመልሰው «እዚህ ይሻለኝ ይሆን?» የሚሉ ወጣቶችም፣ «እዚህ ሰው የለም» ብለው ወደዚያ ለመሄድ የተነሡም ያማክሩኛል። ጥያቄዎ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። «ትዳር ዕድል ነው፤ የትም ቢሆኑ አይቀርም» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የምንኖርበት ከተማ ከማን ጋር እንደምንገናኝ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደምንተዋወቅና ሰዎች ስለ እኛ አስቀድመው ምን እንደሚጠይቁ በእርግጥ ይለውጣል።

በቁጥር ብቻ ከሄድን፣ ዕድሉ ያለው አሁን በሚኖሩበት ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ 1,434,164 ሴቶችና 1,305,387 ወንዶች ተቆጥረዋል፤ ሴቶቹ በ128,777 ይበልጡ ነበር ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ ደብረ ብርሃን 33,563 ሴቶችና 31,668 ወንዶች ነበሯት። ቆጠራው የቆየ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዋ፣ ፋብሪካዎቿና የኢንዱስትሪ ፓርኳ ከየአቅጣጫው ብዙ ወጣት አምጥተውባታል። ይሁን እንጂ ለ100 ሴቶች 91 ወንዶች በተቆጠሩበት ከተማ ውስጥ 9 ዓመት ኖረው «ሰው አጣሁ» የሚሉ ከሆነ፣ የጎደለው የሴት ቁጥር እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እኔ እንደማየው፣ ሁለቱን ከተሞች ከምንም በላይ የሚለያያቸው ምስክር ነው። በእኛ በሰሜን ሸዋ አንድ ጎልማሳ ልጅ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በቆጠራው መካከልም አባቱን በጣርማ በር፣ አጎቱን በመንዝ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ጠጪ ይሁን ጨዋ፣ ዕዳ ይክፈል አይክፈል፣ ለእናቱ ይታዘዝ አይታዘዝ ሽማግሌዎቹ ቡናው ሳይወርድ ይሰማሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እርስዎን ለማታውቅ ሴት ይህን ሁሉ የሚነግርላት ሰው የለም። ስለዚህ በዓይኗ ልታየው የምትችለውን ትመለከታለች፤ ቤት፣ ሥራ፣ መኪና፣ ቃል አከባበር። ሴቲቱ ቤት ስለመኖሩ ስትጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ለማወቅ የፈለገችው «ይህ ሰው ነገ ጥሎኝ ይሄዳል ወይስ ይቆያል?» የሚለውን ነው፤ ስለ እርስዎ የሚመሰክር ሰው በሌለበት ቦታ ቤትዎ እንዲመሰክር ትጠብቃለች። ይህን መረዳት፣ «የአዲስ አበባ ሴት» ከሚለው ጥቅል ፍርድ ወጥተው ፊት ለፊትዎ ያለችውን አንዲት ሴት ለማየት ይረዳዎታል ብዬ አምናለሁ።

በቴሌግራም የተዋወቋትም ልጅ ነገር ከዚሁ የሚያያዝ ይመስለኛል። በሁለታችሁ መካከል አንድም የጋራ ሰው አልነበረም፤ ስልክ ማንሳት ስታቆም «ያ ልጅ ምን አድርጎሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቃት አክስት፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አልነበራትም። ምክንያት ሳይሰጡ መተው ያቆስላል፤ ቁስሉንም አላቃልለውም። ለምን እንደተወችዎ ባያውቁም፣ ያን ዝምታ ስለ እርስዎ ዋጋ እንደ ተሰጠ ፍርድ እንዳይወስዱት እለምንዎታለሁ።

ሁለተኛው ልዩነት ተደጋግሞ መተያየት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ወዳጅነት የሚበዛው በሮቻቸው በሚቀራረቡት መካከል እንደሆነ አሳይተዋል፤ ሰው በየዕለቱ ደጋግሞ የሚያገኘውን ሰው ይላመዳል። እርስዎ ግን ማልደው ከአያት ወጥተው፣ ማታ በሰልፍና በመንገድ ደክመው ሲመለሱ በርዎን ዘግተው ያድራሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖረውን ሰው ስም ላያውቁት ይችላሉ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በእግር ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ድንኳን ያንኑ ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ያገኛሉ። ብርዱ ሰውን አመሻሹ ላይ ወደየቤቱ ቢሰድም መተዋወቁ አይቀርም።

ይህ ቅርበት ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ እዚህ ላይ በዝርዝር እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ የሚመለሱ ወንዶች ይህን አስቀድመው አያስቡትም። ከመምህርቷ ጋር ዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ካፌ ገብተው ሁለት ማኪያቶ ቢያዙ፣ ስኒዎቹ ሳይነሡ ወሬው ከቤተሰቧ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ አብራችሁ ከታያችሁ እንደ ታጫችሁ ይቆጠራል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተረጋግተው ለመተዋወቅ፣ ካልተስማሙም ተከባብረው ለመለያየት ጊዜ ያጣሉ። ነገሩ ሳይሳካ ቢቀር እርስዎ ሻንጣዎን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይችላሉ፤ እርሷ ግን በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ሰፈር «የተተወች» የሚለውን ስም ተሸክማ ትቀራለች። እንዲህ ያለ ስም ያደቀቃቸውን እህቶች በምክር ክፍሌ ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

አሁን ከደብዳቤዎ ውስጥ በልቤ ወደ ቀረ አንድ ዐረፍተ ነገር ልመለስ። «ኪራይ ቤትም ቢሆን እንግባ» ብላዎት እንደነበር ጽፈዋል፤ ጽፈውም ወዲያው አልፈውታል። 3 ዓመት የቆየችው፣ አዲስ አበባ የምትኖረው ይህች ሴት ቤትም መኪናም አልጠየቀችም። በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ከእርስዎ ጋር ኑሮ ለመጀመር ፈቃደኛ ነበረች። «አይበቃም» ያሉት እርስዎ ነዎት። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም፤ ከገጠር ከተማ ወጥቶ ለቤተሰቡ የተስፋ ልጅ የሆነ ሰው፣ ሁሉ ነገር ሳይሟላለት ሽማግሌ መላክን እንደ ውርደት ሊያየው እንደሚችል ጠንቅቄ አውቃለሁ። የሰርጉ ድንኳን፣ የጥሎሹ ልብስ፣ የመልሱ ድግስ፣ የዘመድ አዝማዱ ዓይን አንድ ላይ ሲታሰብ በደመወዝ ለሚኖር ሰው በእርግጥ ያስፈራል። ነገር ግን ፍርሃቱን ለእርሷ ነግረዋት ቢሆን ኖሮ ሁለታችሁ ትሸከሙት ነበር፤ እርሷ የሰማችው ግን «ትንሽ እንቆይ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ እንደማይፈልጓት ተረድታ ሄዳ ሊሆን ይችላል።

ይህ ፍርሃት ደግሞ አዲስ አበባ የሚቀር አይደለም፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ከእርስዎ ጋር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይገባል። ደመወዝዎ በሲሶ ሲቀንስ፣ «ቤት ሳይኖረኝ» የነበረው «ቦታ አግኝቼ ቤት ሳልሠራ» ይሆናል፤ መምህርቷም እንደ ቀድሞዋ ልጅ «ትንሽ እንቆይ» ስትባል ትኖራለች። ሥራውን መቀበልዎ ተገቢ መሆኑን ለመለካት ልጅቷን ለጊዜው ከሐሳብዎ አውጥተው «ይህን ሥራ ለራሱ ስል እወስደዋለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ይምጡ፤ ካልሆነ አይምጡ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ ለእረፍት ቀን መጥቶ መተያየት ይቻላልና፣ ለትውውቅ ብቻ ተብሎ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም።

ስለ እናትዎም አንድ ነገር ልበል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ግማሾቹ በአማራ ክልል 16.2፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 23.9 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር። የ16 ዓመት ልጅ መዳር የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፤ ሕጉም 18 ዓመት ይላል። ነገር ግን እናትዎ ያደጉት ጋብቻ እንዲህ ማልዶ በሚመጣበት አገር ስለሆነ፣ 34 ዓመት ለእርሳቸው የመሸ ሰዓት ነው። «ሳላይ እንዳልሞት» የሚለው ቃል እርስዎን ለማስጨነቅ ሳይሆን ብቻዎን እንዳይቀሩ ከመስጋት የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ ርዕሱን ከመሸሽ ይልቅ ቁርጡን ይንገሯቸው፤ «እማዬ፣ ልጅቷን አገኛታለሁ፤ እኛ ሁለታችን ተነጋግረን ሳንስማማ ግን ሽማግሌ አይሄድም» ይበሏቸው። በዚህ ጥር ሰርግ ባይኖር፣ ከፋሲካ በኋላም ሌላ የሰርግ ወቅት አለ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ መምህርቷ ቤተሰብ እንጂ ስለ እርሷ ፍላጎት አንድ ቃል አላገኘሁም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጋብቻ በሁለቱም ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲመሠረት ያዛል፤ ከሕጉም በፊት ይህች ሴት ሌላ ሐሳብ፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ሊኖራት ይችላል። የምትገናኙበትን ቦታና ቀን እርሷ ትምረጥ፤ ለስሟ የሚበጀውን ከእርስዎ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥም ደመወዝዎን፣ የሚከፍሉትን ኪራይ፣ ለቤተሰብዎ በየወሩ የሚልኩትን ገንዘብና የመጀመሪያዋ ጓደኛዎ ለምን እንደሄደች ሳይሸፋፍኑ ይንገሯት፤ እርሷም የራሷን እንድትነግርዎ ጊዜ ይስጧት።

አዲስ አበባ ለመቆየት ቢወስኑ ደግሞ የጎደለዎትን ምስክር በእጅዎ መሥራት ይችላሉ። ወደ ሰፈሩ ዕድር ይግቡ፤ የአገር ልጆች ማኅበር ወይም ሰንበቴ ካለ አይቅሩ፤ የባልደረባዎ ሰርግ ላይ ሳህን ከማንሣት ጀምሮ ያግዙ። እንዲህ ሲሆን ከአንድ ዓመት በኋላ «እሱን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው በዚያ ሰፊ ከተማም ይኖርዎታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ወረቀት ወስደው «አግባ ብዬ ለራሴ የምፈቅደው ምን ሲሟላልኝ ነው?» የሚለውን በቁጥርና በቀን ይጻፉት፤ የብሩ መጠን፣ የክፍሉ ስፋት፣ ወሩ። ቁጥሩን መጻፍ ካቃተዎት ወይም በየጊዜው ከፍ እያደረጉት ከሄዱ፣ ያንን ወረቀት ይዘው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይቅረቡ። ከመምህርቷ ጋር ከተገናኛችሁም በኋላ፣ ስለ ራስዎ ምን ምን እንደነገሯትና ምን እንዳስቀሩ ይጻፉልኝ።