ወታደር ነበርኩ፤ ለጨፌ መወዳደር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በ1991 ባድመ ላይ ቀኝ እጄን ተመትቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ሦስት ጣቶቼ አይታጠፉም። ጡረታ ወጥቼ አዳማ፣ በሶደሬ መንገድ ሱቅ ከፍቻለሁ። ጎረቤቶቼ «ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ ተወዳደርልን» ይሉኛል። ወታደር የነበረ ሰው ይከለከላል?
አስር አለቃው፣ ከአዳማ

መልስ፦ አስር አለቃ፣ አይከለከሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ይሁን የሚለው ሠራዊቱን ነው፤ እርስዎ ዩኒፎርሙን አውልቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ጨፌውም የሚከራከረው በእሱ ነው። ስኳር እየመዘኑ ከደንበኛ ጋር የሚጫወቱበት አይበቃም፤ በጀት የሚሞግቱበት መሆን አለበት። ካሁኑ ይለማመዱ። በግል ከቀረቡ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልግዎታል፤ እሱ ከሱቅዎ ደጃፍ ይጀመራል። ሲያስፈርሙ ታዲያ እያንዳንዱን «ምን ላንሳልህ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በዚያው በዱቤ ደብተርዎ ላይ ይጻፉት።