ዚብራሽ ልማር ወይስ ጌም ኢንጂን?

ለጌም ሥራ ለምትጓጉ ልጆች፣

"ዚብራሽ ልማር ወይስ ዩኒቲ?" የሚል ጥያቄ ከእናንተ ወገን ደጋግሞ ይመጣል። ጥያቄው ቅር ያሰኘኛል፤ ሁለቱን የአንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት አስመስሎ ያቀርባልና። ዚብራሽና የብሌንደር ስካልፕት ክፍል በኮምፒውተር ላይ እንደ ጭቃ የሚቀረጽ ቅርጽ ያወጣሉ። ጌም ኢንጂን የሚባሉት ዩኒቲ፣ አንሪልና ጎዶት ደግሞ ያ ቅርጽ ሲነኩት፣ ሲገፉት፣ ሲጥሉት ምን እንደሚሆን ይወስናሉ። በትልልቅ ስቱዲዮዎች ሁለቱን ሥራ የሚይዙት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆኖ የሚሠራ ቡድን ግን እንዲህ ያለ ቅንጦት የለውም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ካላወቀ መሐል ላይ ይቆማል።

በጅምላ ከማውራት አንድ ዕቃ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጀበና ይሁን።

በብሌንደር ከአንድ ሉልና ከሁለት ሦስት ሲሊንደር ጀምሩ፤ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መጠኑን ከቀየራችሁ በኋላ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ስኬሉን አፕላይ አድርጉ፤ አዲሱ መጠን የዕቃው እውነተኛ መጠን ሆኖ ይጸናል። ይህን የዘለለ ሰው ሪሜሽ (ቆዳውን እኩል በሆኑ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ቁራጮች ከአዲስ መሥራት) ሲያደርግ የጻፈው ቁጥርና የሚያገኘው ውጤት አይገናኙም። ክፍሎቹን በኮንትሮልና ጄ አንድ አድርጉ፣ ወደ ስካልፕት ግቡ፣ ቮክሰሉን (ሪሜሹ የሚለካበትን ትንሽ ኪዩብ) 2 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ኮንትሮልና አር ተጫኑ። ወደ 40 ሺህ ገደማ ፊት (እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ቁራጭ) ያለው አንድ ወጥ አካል ይወጣል። ቮክሰሉን በግማሽ በቀነሳችሁ ቁጥር የፊቱ ብዛት በአራት ይባዛል፤ ላፕቶፓችሁ መንፈራገጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ከቮክሰሉ ብዙም የማይሰፋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ።

ሆዱና አንገቱ ሳይስተካከል ስለ ሸክላው ጭረት አታስቡ። ጭረቱ፣ የሠሪዋ የጣት ዱካ፣ የከንፈሩ መሸራረፍ በመጨረሻ በመልቲሬስ፣ ፊቶቹን በየደረጃው እየከፋፈለ ለዝርዝር ቦታ በሚሰጠው መሣሪያ፣ ይመጣል። ሦስት ደረጃ መልቲሬስ 40 ሺውን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። መልቲሬስ ከገባ በኋላ ቮክሰል ሪሜሽ እምቢ ስለሚል ዋናው ቅርጽ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። በማውዝ የምትሠሩ ከሆነ እጃችሁ ቢከብድም ቢቀልም ብሩሹ የሚቆፍረው እኩል ነው፤ ጥንካሬውን ወደ 0.2 አውርዱና ደጋግሙ። ስክሪን የሌለው ተራ የሥዕል ታብሌት ግን ከአዲስ ግራፊክስ ካርድ ይልቅ ሥራችሁን ይለውጠዋል።

አብዛኛው ልጅ እዚህ ይቆማል። መብራት አሳምሮ ምስሉን ቴሌግራም ላይ ይለጥፍና "ጨረስኩ" ይላል። የዘንድሮ ልጅ የትምህርት ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ያያል፤ ሪቶፖሎጂ (በከባዱ ቅርጽ ላይ ቀላል ቆዳ መልሶ መሥራት) ላይ ሲደርስ ጭራሽ ይዘልለዋል። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው።

2.5 ሚሊዮን ፊት ያለው ጀበና የስልክ ጌም ውስጥ ቦታ የለውም። በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ቤቱም፣ ሰዉም፣ ጥላውም በዚያች ጊዜ ውስጥ ይሣላሉ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው ኩኩሉ ዶሮ የሚሮጥበት የስልክ ጌም ነው፤ የእናንተም ተጫዋች የሚገኘው ስልክ ላይ ነውና ሒሳቡን ከስልክ ጀምሩ። በከባዱ ቅርጽ ላይ፣ ቆዳውን ከቅርጹ ጋር በሚያጣብቁት በሽሪንክራፕና በስናፕ፣ አዲስ ቀላል ቆዳ ይሠራል። ዙሪያው 16 ጎን፣ እጀታው 8 ጎን ቢሆን ጠቅላላው ከ800 እስከ 1,200 ትሪያንግል ይበቃዋል። ብዛቱን ጠርዙ ከጀርባው ተለይቶ በሚታይበት፣ በከንፈሩና በእጀታው ኩርባ ላይ አውሉት።

ዩቪ ስትከፍቱ (ምስል እንዲለጠፍበት ቆዳውን እንደ ወረቀት ስትዘረጉ) ስፌቱ በእጀታው ውስጠኛ በኩልና በመቀመጫው ዙሪያ ይለፍ። 1024 በ1024 ፒክስል በሆነ ቴክስቸር (ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ምስል) ላይ በቁራጮቹ መካከል 8 ፒክስል ያህል ክፍተት ተዉ፤ ካልሆነ ጀበናው ሲርቅ ስፌቱ በሌላ ቀለም ብቅ ይላል።

ከዚያ በብሌንደሩ የምስል ማውጫ በሳይክልስ ኖርማል ማፕ ቤክ ይደረጋል፤ ማለትም የከባዱ ቅርጽ ጭረት ቀላሉ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ምስል ይያዛል። "ሴሌክትድ ቱ አክቲቭ" የሚለውን አብሩ፤ መጀመሪያ ከባዱን፣ በመጨረሻ ቀላሉን ምረጡ። በቀላሉ ማቴሪያል ውስጥ ያለው የምስል ኖድ የተመረጠ፣ የቀለም ቦታውም ኖን ከለር ይሁን። ኤክስትሩዥኑን፣ ከባዱን ቅርጽ የሚፈልገው ጨረር ከቀላሉ ቆዳ ምን ያህል ርቆ እንደሚነሣ የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ጀምሩ። ሲያንስ ከቀላሉ ቆዳ ውጭ የወጣው ሸክላ ሳይያዝ ይቀርና ሆዱ ላይ እንደ ቋቁቻ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። ሲበዛ ደግሞ ለአንገቱ የተላከው ጨረር በእጀታው ይጠለፍና የእጀታው ቅርጽ አንገቱ ላይ ይታተማል። ምስሉን ለብቻው ወዲያው ሴቭ አድርጉ፤ የብሌንደሩን ፋይል ሴቭ ማድረግ ቤክ የተደረገውን ምስል አያስቀምጥም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ብቻውን የአንድ ማታ ሥራ ይበላል።

የብሌንደር ኖርማል ማፕ ለዩኒቲና ለጎዶት እንዳለ ይሠራል። አንሪል ግን አረንጓዴውን ቻናል ገልብጦ ነው የሚያነበው። ጭረቱ መጎድጎድ ሲገባው አብጦ ከታያችሁ ቅርጹን አትንኩ፤ ቴክስቸሩ ላይ "ፍሊፕ ግሪን ቻናል" የሚለውን ማብራት ይበቃል።

ጎዶት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭንቀት አለ። በጂኤልቲኤፍ የፋይል ዓይነት ከብሌንደር ከወጣ ጀበናው ልኩን ጠብቆ ይገባል። እንዲወድቅና እንዲንከባለል ሪጂድ ቦዲ አድርጉት። ግጭቱን የሚያሰላው ግን ያ ሁሉ የደከማችሁበት ቆዳ አይደለም፤ ለሆዱ አንድ ሉል፣ ለአንገቱ አንድ ካፕሱል ይበቃል። ፊዚክስ ያለውን አካል በስኬል አትለጥጡ፤ መጠኑ ካልተስማማችሁ ብሌንደር ላይ አስተካክሉት። ሲዘነበል ቡና እንዲቀዳ ብትፈልጉ 60 ዲግሪ ሲያልፍ ይጀምር፣ ከ50 ሲወርድ ያቁም። መጀመሪያውንና ማቆሚያውን አንድ ቁጥር ካደረጋችሁት ድንበሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቡናው እየተቆራረጠ ይወርዳል። የሚጎድለውን ቡና በዴልታ (ካለፈው ምስል ወዲህ ባለፈው ጊዜ) አባዙ፤ ያለዚያ በሰከንድ 120 ምስል በሚያሳይ ኮምፒውተር ላይ ጀበናው 30 ከሚያሳይ ስልክ በአራት እጥፍ ፍጥነት ይደርቃል። ካራክተር ቦዲን (ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው) በሙቭ ኤንድ ስላይድ ትእዛዝ ስታንቀሳቅሱ ግን ቬሎሲቲውን (ፍጥነቱን) በዴልታ አታባዙ፤ ጎዶት 4 ራሱ ስለሚያባዛው ሰውየው መራመዱን ትቶ ይድሃል።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመለስ፣ ይህን ጀበና ከሁለቱም በኩል አሳልፉት። ማንም ሳያዝዛችሁ የከንፈሩን ኩርባ ሦስተኛ ጊዜ የምታስተካክሉ ከሆነ ስካልፕቲንግ ላይ ቆዩ። ሆዱ ቢወላገድም ግድ ሳይሰጣችሁ ቡናው ሲኒውን ሞልቶ ሲፈስ ምን ይሁን ብላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ ኢንጂኑ ይሻላችኋል። ቅርጽ የሚያወጣውም ቢሆን ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በኢንጂን ውስጥ ኪዩብ እየገፋ ቢያሳልፍ እመርጣለሁ፤ ቅርጹ የት እንደሚገባ ያላየ ሰው ስንት ትሪያንግል እንደሚበቃው አይገምትም።

የሶፍትዌሩ ስም ዋና ነገር አይደለም። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ብሌንደርንና ጎዶትን ያዙ ልላችሁ ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ሊያስከፍል መሆኑን ሲያስታውቅ ዓመታት የደከሙ ሠሪዎች ሒሳባቸው ተናጋ፤ ክፍያው የተሰረዘው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ዚብራሽ በቅርጽ ሥራ የሚደርስበት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሠሪውን ፒክሶሎጂክን ማክሰን የተባለ ኩባንያ ከገዛው ወዲህ አካሄዱ በደንበኝነት ክፍያ ሆኗል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አንሪል ከጌሙ ገቢ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ድርሻ አይጠይቅም፣ ከዚያ በላይ ባለው 5 በመቶ ይወስዳል፤ የሚመከረው ግን 32 ጊጋባይት ራም ነው። "ናናይት ስላለ ሪቶፖሎጂ ቀረ" የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ ናናይት አንሪል ውስጥ ያለ፣ ብዙ ፊት ያለውን ቅርጽ ራሱ እያቃለለ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ጥሩ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ እውነትነት አለው፤ ሰፈራችሁ ያለው ልጅ በያዘው ስልክ ላይ ግን አይታሰብም።

ሥዕል ተለማመዱ፣ እንግሊዝኛ አሻሽሉ የሚለውን ሌሎች ይንገሯችሁ። ሥራ ስትጠይቁ ምን እንደምትልኩ ብቻ ልጨምር። በቅርጽ በኩል ከሆናችሁ የጀበናውን ሦስት ምስል ላኩ፦ የከባዱን፣ የቀላሉን የትሪያንግሎቹን ጠርዝ ከሚያሳየው ከነሽቦ መስመሩ፣ የመጨረሻውን ኢንጂን ውስጥ። የትሪያንግሉን ብዛትና የቴክስቸሩን መጠን ከሥሩ ጻፉ። በኢንጂን በኩል ከሆናችሁ አንድሮይድ ላይ የሚከፈት ፋይልና የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ላኩ። ቪዲዮው በአርማችሁ አይጀምር፤ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጌሙ ይታይ።