ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍ በድሃ ገበሬ ቤት ምን ይለውጣል? (ጥያቄና መልስ)

መዝጋቢው፦ ጥያቄ ስለተጠራቀመ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ሥራዬ የተከፋዮችን ዝርዝር ማዘጋጀትና ከክፍያው በኋላ ቤት ለቤት እየዞርኩ ምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ደጃፍ ከገባ በኋላ ያለውን ጠይቁኝ። የለጋሾች ፖለቲካና የመንግሥት በጀት የእኔ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ «ገንዘብ መስጠት ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ለሚመጣ መልስ የለኝም። ስንት? በየስንት ጊዜው? እስከ መቼ? ሦስቱን ይዛችሁ ኑ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የማለዳ ወፍ፦ ጋሼ፣ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ገንዘቡ እጃቸው በገባ ሳምንት መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ምግብ መግዛት?

መዝጋቢው፦ ዕዳ መክፈል። ሁሉም ሰው ምግብ ይላል፤ ምግቡ ግን ገንዘቡ ሳይመጣ በዱቤ ተበልቷል። ዕዳው ሲቃለል የተዘጋው ዱቤ እንደገና ይከፈታል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ልጅ ሌሊት ቢታመም በር ተንኳኩቶ የሚያበድር ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ጎልቶ አይታይም። እኔ ግን ዋናው እሱ ነው ባይ ነኝ። ድሃ ገበሬ የሚጨንቀው የአምናው እህል አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ያ ወቅት ደግሞ የአረም ወቅት ነው። የራሱን ማሳ ማረም ሲገባው የዕለት ጉርሱን ፍለጋ ሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ይውላል። ማሳውን አረም ይውጠዋል፣ ምርቱ ያንሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ወቅት ሲመጣ ጎተራው ቀድሞ ባዶ ይሆናል። በማላዊና በዛምቢያ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ላይ ይስማማሉ፦ በየጊዜው ገንዘብ የደረሳቸው ቤተሰቦች ሥራ አልተዉም፤ የሰው ማሳ ትተው ወደ ራሳቸው ማሳ ተመለሱ። «ገንዘብ ሲሰጣቸው ይሰንፋሉ» የሚለው ሰው የቀን ሥራው መቀነሱን ብቻ አይቶ የቀረውን አላየም።

የእህሉም ነገር እንደዚያው ነው። አዝመራ በገባ ሰሞን ዋጋ ወርዶ ሳለ ይሸጣል፤ ጎተራው ሲራቆት ዋጋ ንሮ መልሶ ይገዛል። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ሽያጩን ያዘገያል። የምትታለብ ፍየሉንም ለመድኃኒት ብሎ አይሸጥም።

አጥማጁ፦ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሻለው ዓሣ መስጠት ሳይሆን ማጥመድ ማስተማር አይደለም?

መዝጋቢው፦ ስንት? በየስንት ጊዜው? እስከ መቼ? አለፍኩት።

ጎጆ፦ ሦስቱን ይዤ መጥቻለሁ። ያው ጠቅላላ መጠን በአንድ ጊዜ ቢሰጥና ተከፋፍሎ በየወሩ ቢሰጥ ለቤተሰቡ ልዩነት አለው?

መዝጋቢው፦ ይህ ነው ጥያቄ ማለት።

በምዕራብ ኬንያ ራሪዬዳ በሚባል አካባቢ ከ2011 ጀምሮ ይህንኑ ፈትነውታል። ገንዘቡን በሞባይል የላከው ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ነው፤ ሠራተኞቹ ድሃውን የለዩት ጣሪያውን እያዩ ነበር፣ ሣር ክዳን ያለውን። ገሚሱ በአንድ ጊዜ ተሰጠው፣ ገሚሱ በየወሩ ለዘጠኝ ወር። በየወሩ የተሰጣቸው በምግብ በኩል ተሻሻሉ፤ ምግብ ሳይበላ የሚዋልበት ቀን ቀነሰ። በአንድ ጊዜ የተሰጣቸው ትልልቅ ነገር ገዙ። ከብት ገዙ፣ ቆርቆሮ አለበሱ።

ቆርቆሮውን ማሳመሪያ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ያናድደኛል። ሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፤ ለእድሳቱ ገንዘብና የሥራ ቀን ይሄዳል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆች ከመኝታቸው ተነሥተው ወደ ደረቁ ጥግ ይሰበሰባሉ፣ እህሉ ይሻግታል፣ ደብተሩ ይበሰብሳል። ቆርቆሮ ገዛ ማለት በየዓመቱ የሚያወጣውን ወጪ አንድ ጊዜ ከፍሎ ተገላገለ ማለት ነው። ከጣሪያው ሥር በርሜል ካስቀመጠ ደግሞ ውሃ መቅዳት የምትሄደዋ ልጅ በዝናብ ወራት ቤት ትውላለች። በየወሩ በትንሽ በትንሹ ቢሰጠው ቆርቆሮውን አይገዛውም፤ ለድሃ ሰው ገንዘብ ማጠራቀም ከባድ ነው፣ ለማኝ ዘመድም አለ፣ በሽታም አለ።

ስለዚህ ዓላማችሁ የልጆች ምሳ ከሆነ በየወሩ ስጡ። ቤቱን ከፍ ማድረግ ከሆነ በአንድ ጊዜ ስጡ። ሁለቱን በአንድ ክፍያ አገኛለሁ ያለ ሁለቱንም ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ኬንያ ለ12 ዓመት በየወሩ 22 ዶላር ተኩል የሚሰጥበት ሙከራ አለ። በጎን ለሁለት ዓመት ብቻ በየወሩ የሚሰጣቸው አሉ፣ የሁለት ዓመቱን በአንድ ጊዜ የወሰዱም አሉ። በ2023 በወጣው ውጤት ንግድ በመክፈት በኩል ደካማ የሆነው የሁለት ዓመቱ ወርኃዊ ክፍያ ነው። የ12 ዓመቶቹ ግን እቁብ ገብተው ወርኃዊውን በተራ እየጠቀለሉ ትልቅ አደረጉት። በየወሩ እንደሚመጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው እቁብ መግባት ይችላል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ግን አይደፍርም። «እስከ መቼ?» እያልኩ የማስቸግራችሁ ለዚህ ነው።

ብዕር፦ ወንዱ አይጠጣበትም? እውነቱን እንነጋገር።

መዝጋቢው፦ በ2014 ሁለት የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። ገንዘብ ስለተሰጠ የመጠጥና የሲጋራ ወጪ አልጨመረም። አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ቀንሷል። የሚጠጣ ሰው ድሮም ይጠጣል፤ ይህ ገንዘብ አላስጀመረውም።

አጥማጁ፦ ጥያቄዬን ስላለፍከው እኔው ልመልሰው። ሥልጠና የሌለው ገንዘብ አሸዋ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው።

ጎጆ፦ ማጥመድ የሚያውቅ ግን መረብ መግዣ ያጣስ? ገበሬ እርሻ አስተምሩኝ አላለም እኮ፤ ማዳበሪያ መግዣ ነው ያጣው።

አጥማጁ፦ ታዲያ ማዳበሪያውን ስጠው እንጂ ገንዘቡን ለምን?

ጎጆ፦ ዘንድሮ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ይሁን የበሬ ሕክምና አንተ በምን ታውቃለህ?

የማለዳ ወፍ፦ ወንድሞቼ፣ ሰውየው ይመልስ።

መዝጋቢው፦ ስትጨቃጨቁ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ከ2002 ጀምሮ ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት ለደሃው ደሃ ከብት፣ ትንሽ የምግብ ገንዘብ፣ ሥልጠናና በየሳምንቱ የሚጎበኝ ሠራተኛ አጣምሮ መስጠት ጀመረ። ይኸው ጥቅል ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 ታተመ፤ በአብዛኛው ሠርቷል፣ ድጋፉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ለጎብኚው ሠራተኛም ብዙ ይሄዳል። አጥማጁ፣ ይህ ለአንተ።

በሌላ በኩል ሰሜን ዩጋንዳ በ2008 በቡድን የተደራጁ ወጣቶች ለእያንዳንዳቸው ወደ 380 ዶላር ተሰጥቷቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተሰጣቸው በ38 በመቶ በለጠ። ጎጆ፣ ደስ አይበልህ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ያልተሰጣቸውም በራሳቸው መንገድ ደርሰውባቸዋል። የእጅ ሙያና ንብረት የተሰጣቸው ጋር ቀርቷል፤ በገቢ ግን አይለያዩም። ገንዘቡ ያፋጠነው በራሳቸውም ይደርሱበት የነበረውን ነው። ለሃያ ዓመት ወጣት ግን ከ24 ዓመቱ እስከ 29 ያለው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ሒሳብ ሠሪው፦ መንደሩ ሁሉ ገንዘብ ሲይዝ ገበያው አይወደድም? ያልተሰጠው ሰው ተጎዳ ማለት ነው።

መዝጋቢው፦ ሲያያ በሚባለው የኬንያ ክፍለ ግዛት፣ በ653 መንደሮች፣ ከአሥር ሺህ በላይ ቤተሰብ ወደ ሺህ ዶላር ተሰጥቶት ይህ ተለክቷል። ዋጋ በአማካይ የጨመረው 0.1 በመቶ ነው። የገባው አንድ ዶላር ደግሞ በአካባቢው ኢኮኖሚ ወደ 2.5 ዶላር ሆነ፤ ያልተሰጠው ጎረቤትም ሱቁ ተሸጦለት፣ ጉልበቱ ተቀጥሮለት ከዚያ ደርሶታል።

ግን ሲያያ መንገድ አለው፣ ገበያው ቅርብ ለቅርብ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ርቀው በሚገኙ፣ አብዛኛው ሰው በተከፈለባቸው መንደሮች እንቁላልና መሰል ምግብ ተወድዶ ያልተሰጣቸው ሰዎች ልጆች ቁመት ተጎድቷል። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፦ መኪና በማይገባበት፣ ነጋዴ ቶሎ ዕቃ ጨምሮ በማያመጣበት ቦታ ጥሬ ገንዘብ ለሁሉም ከማደላችሁ በፊት ገበያውን እዩ።

ያልተሰጠው ይቀናል ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ፦ አዎ። በራሪዬዳ ጎረቤቱ ሲያገኝ ያየ ሰው «በሕይወትህ ትረካለህ?» ሲባል መልሱ ቀንሶ ነበር፤ እያደር ግን በረደ።

የወንዝ ማዶ፦ የእኛው ሴፍቲኔትስ? ገንዘብ ይሻላል እህል?

መዝጋቢው፦ የኢትዮጵያው ሴፍቲኔት፣ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው ፕሮግራም፣ በ2005 ሲጀመር ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ፣ የሌለው ደግሞ በነጻ እንዲያገኝ ሆኖ ነው፤ ክፍያው እንደ ቦታው ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል። የ2007 እና የ2008 የእህል ዋጋ ንረት ሲመጣ ገንዘቡ የሚገዛው እህል እያነሰ ሄደ፤ ብዙ ተጠቃሚ «እህሉን ስጡን» አለ።

ሒሳብ ሠሪው፦ አየህ! ስለዚህ እህል ይሻላል።

የወንዝ ማዶ፦ ማን ተሸክሞት ይምጣ? እህል ሲሰጥ ከፊሉ ተሽጦ ለአልኮልና ለሳሙና ይውላል።

ብዕር፦ ታዲያ ይጠጣሉ ማለት ነው!

የወንዝ ማዶ፦ ለመርፌ ቁስል የሚቀባ አልኮል ነው ያልኩት ወንድሜ።

መዝጋቢው፦ በቃ። የዋጋ ንረት ካለ ክፍያው አብሮ ካልተስተካከለ እህል ይሻላል፤ ዋጋው ከረጋ ገንዘብ። በሴፍቲኔት ላይ ከተጻፈው ልብ ማለት ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ የታሰበው ክፍያ በወጉ የደረሳቸውና ተቆራርጦ ወይም ዘግይቶ የደረሳቸው ውጤታቸው አልተገናኘም። በአረም ወቅት መድረስ ያለበት ገንዘብ ከአዝመራ በኋላ ቢመጣ ዕዳ ከነወለዱ ይከፈልበታል፤ ሌላ ምንም አይሠራም።

የማለዳ ወፍ፦ ልጆች ትምህርት ቤት ካልሄዱ ገንዘቡ ይቋረጥ የሚለው ቅድመ ሁኔታ ትክክል ነው?

መዝጋቢው፦ ሜክሲኮ በ1997 ያንን ይዛ ተነሣች፤ ትምህርትና የጤና ምርመራ ግዴታ ነበር። ማላዊ ውስጥ ዞምባ በሚባል አካባቢ ግን በግዴታና ያለ ግዴታ መስጠትን አነጻጽረዋል። ግዴታው የተጣለባቸው ልጃገረዶች ትምህርት ላይ በተሻለ ቆዩ። ያለ ግዴታ ከተሰጣቸው መካከል ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻና እርግዝና ቀነሰ፤ ምክንያቱም ትምህርት ያቋረጠችውም ገንዘቧ አልተቋረጠም። ሞሮኮ «ይህ ለልጆች ትምህርት ነው» ብላ ብቻ ሰጠች፤ ቁጥጥር ሳይኖር ከሞላ ጎደል ያው ውጤት ተገኘ። እኔ ከሞሮኮው ጋር ነኝ፤ ቁጥጥሩ ራሱ ገንዘብ ይበላል።

ጎጆ፦ ለሚስት ይሰጥ ወይስ ለባል?

መዝጋቢው፦ በራሪዬዳ በዕጣ ለይተው ሰጡ፤ በአብዛኛው የጎላ ልዩነት የለም። በቤት ውስጥ የሚደርሰው ዱላ ግን ለማንም ቢሰጥ ቀንሷል።

ብዕር፦ እናቶችና ሕፃናትስ?

መዝጋቢው፦ በ2025 ይፋ የሆነው የሲያያ ውጤት ነው ያስደነገጠኝ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እናቶቹ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከባድ ሥራ ቀነሱ፣ ጤና ተቋም ሄደው ወለዱ። ለውጡ የጎላው ሐኪም ያለበት ተቋም አጠገብ ነው። ሐኪም በሌለበት ገንዘቡ ሐኪም አይሆንም።

አንባቢ፦ ወንዶቹ ግን አይጠጡበትም?

መዝጋቢው፦ ከላይ።

ሒሳብ ሠሪው፦ ሌብነቱስ? ጊቭዳይሬክትሊም ተሰርቆ የለ?

መዝጋቢው፦ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ውስጥ በ2022 ወደ 900 ሺህ ዶላር ተሰርቋል፤ የራሱ ሠራተኞች ተባብረው ነው። በስልክ ስለሚላክ አይሰረቅም የሚል ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

እኔ በዓይኔ የማየው ግን ትንሹን ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሞፈር የጨበጠ ሽማግሌ ጣቱን ማሽኑ ላይ ይጭናል፤ አሻራው ተልጦ አልቋል፣ ማሽኑ አያነብለትም። በልብሱ ጫፍ ይጠርገዋል፣ ሌላ ጣት ይሞክራል፣ እንደገና አይሆንም። ከኋላው ወረፋው ያጉረመርማል። መጨረሻ ላይ «የልጅህን ልጅ ላክ» ይሉትና በልጁ ስልክ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሽማግሌው ገንዘብ የማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

አጥማጁ፦ መንግሥታት ይህን በጀት ከየት ነው የሚያመጡት?

መዝጋቢው፦ መግቢያዬን አላነበብክም።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ እኛ ትንሽ ማኅበር ነን። ለተወሰኑ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት፣ በሞባይል ልንከፍል አስበናል። ምን ትመክረናለህ?

መዝጋቢው፦ ተባረኩ፣ ሦስቱንም ይዛችሁ መጣችሁ። ክፍያውን ከዘር በፊት አድርጉት። ቀኑን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከነገራችሁም አታዛንፉ። ሦስት ዓመት መሆኑን መጀመሪያውኑ ይወቁ። ሲም ካርዱ በተከፋዩ ስም መሆኑን አንድ በአንድ እዩ፤ አሻራ ለማይነበብለት ሌላ መለያ አዘጋጁ። የምስጢር ቁጥሩን ወኪሉ ሲያስገባላቸው ካያችሁ ወኪሉን ለውጡ። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፦ ወኪሉ በዕለቱ ለሁሉም የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል፤ ሰው ግማሽ ቀን ተጉዞ «ነገ ና» ይባላል፣ ወይም ቶሎ ለማግኘት ቆርጦ ይሰጣል። ከክፍያው ቀን በፊት ሄዳችሁ የያዘውን አስቆጥሩት።